ግራፉ ሳይነካ ይናገር

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍላችሁ ከደብረ ብርሃን ነው። ሰሞኑን ወጣቱ የዳታ ሙያ እንዲማር የሚመክር ጽሑፍ አውጥታችሁ አንብቤዋለሁ። ሐሳቡ ጥሩ ነው፣ እሰየው። ግን ጽሑፉ ከላይ እስከ ታች የሶፍትዌር ስም ነው። ፓወር ቢአይ ተማሩ፣ ታብሎ ተማሩ፣ ፓይተን ተማሩ። ሰው በስልኩ ከፍቶ፣ በጣቱ እየነካካ፣ የራሱን ወረዳና የራሱን ወር እየፈለገ የሚያየው ግራፍ እንዴት ነው የሚሠራው? ጥሩውስ ከመጥፎው በምን ይለያል? እዚህ ላይ አንድ መስመር የለም። እኔ ማታ ማታ ለወጣቶች ይህንኑ ስለማስተምር ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

ነገሩን በአጭሩ ላስቀምጠው። ሶፍትዌሩ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው። መጀመሪያ የሚመጣው የሚያየው ሰው ጥያቄ ነው። እኛ ጋ ግን ሥልጠናው የሚሄደው በተገላቢጦሽ ነው።

ስሙን የማልጠራው አንድ ማሰልጠኛ የሚሰጠውን ኮርስ የጨረሱ ልጆች ወደ እኔ ይመጣሉ። ሰርተፊኬቱ አለ። ዳሽቦርዱም፣ ብዙ ግራፍ አንድ ስክሪን ላይ የተሰበሰበበት ገጽ፣ አለ። ስክሪኑ ላይ አንድ ካርታ፣ ሦስት ፓይ ቻርት (እንደ ዳቦ የተቆራረጠ ክብ)፣ የመኪና ፍጥነት መለኪያ የሚመስል ክብ ነገር፣ ከጎን ደግሞ የፊልተር (የማጣሪያ ቁልፍ) መዓት። ሁሉም ይንቀሳቀሳል፣ ሁሉም ያብረቀርቃል። "ይሄ ለማን ነው?" ስላቸው ዝም። "ይሄን የሚከፍተው ሰው ምን ሊያውቅ ብሎ ነው?" አሁንም ዝም። ልጆቹ ሰነፎች ሆነው አይደለም። እስከዛሬ ማንም ጠይቋቸው ስለማያውቅ ነው።

ስለዚህ እኔ ጋ መጀመሪያ ኮምፒውተር አይከፈትም። ወረቀትና እርሳስ ነው። ከላይ ጥያቄው ይጻፋል፣ በጥያቄ ምልክት የሚያልቅ። "የጤፍ ዋጋ" ጥያቄ አይደለም፣ ርዕስ ነው። "ምንጃር ያለ ገበሬ ጤፉን በየትኛው ወር ቢሸጥ ይሻለዋል?" ይሄ ጥያቄ ነው። ጥያቄው እንዲህ ሲጠራ ግራፉ ራሱ ይመጣል። ከታች ወራቱ ከመስከረም ጀምረው ይደረደራሉ፣ በቁመት ዋጋው ይሆናል፣ እያንዳንዱ ዓመት አንድ መስመር ነው። ያለፉት ዓመታት በሳሳ ግራጫ፣ የዘንድሮው በደማቅ። ገበሬው ዋጋው በየዓመቱ የሚወጣበትንና የሚወርድበትን ወር አንድ ላይ ያየዋል። መነካት ያለበት ነገር ስንት ነው? አንድ፣ የገበያው ስም ብቻ። አረርቲ ወይስ ደብረ ብርሃን። መስመሩን ሲነኩት የዚያን ወር ዋጋ በቁጥር ቢያሳይ አልጠላም፣ ሌላው ሁሉ ጌጥ ነው።

ያው ዳታ ሆኖ ጥያቄው ቢቀየርስ? "ዛሬ ጤፍ የት ይረክሳል?" ብሎ የሚጠይቅ ሸማች የዓመቱ መስመር ምንም አይሠራለትም። እሱ የሚፈልገው ገበያዎቹ ከርካሽ ወደ ውድ ተደርድረው አጠገባቸው ባር፣ ማለትም ርዝመቱ ዋጋውን የሚያሳይ ዘንግ፣ ያለበት ነገር ነው። አንድ ኤክሴል፣ ሁለት ጥያቄ፣ ሁለት ግራፍ። ይቺን የገባው ልጅ የቀረውን ሶፍትዌር በራሱ ጊዜ ይማረዋል፣ ምንም አያሳስበኝም።

ዓይን የሚችለውና የማይችለው ደግሞ የተጠና ነገር ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1984 (ከዚህ በኋላ የምጠራቸው የውጭ ዓመቶችም እንደዚያው ናቸው) ዊልያም ክሊቭላንድና ሮበርት ማክጊል የሚባሉ የቤል ላብስ (የአሜሪካ የምርምር ተቋም) ባለሙያዎች ሰዎችን እየፈተኑ ለዓይን የሚቀለውንና የሚከብደውን በደረጃ አስቀመጡት። ሰው በደንብ የሚያወዳድረው በአንድ መለኪያ መስመር ላይ የተቀመጡ ነጥቦችን ነው። ከዚያ ወረድ ሲል ርዝመትና ማዕዘን ይመጣሉ። ስፋት ሲሆን ይብሳል። የቀለም ድምቀትማ ጭራ ላይ ነው። እንግዲህ የወረዳዎቻችንን ምርት በፓይ ቻርት ሃያ ምናምን ቦታ ቆራርጦ "እስቲ አወዳድሩ" ማለት ለዓይን ከባዱን ሥራ መስጠት ነው። ባር ግራፍ አሰልቺ ነው ይሉኛል። ይሁና!

ባር ግራፍም ቢሆን ይዋሻል፣ ካስዋሹት። እንበልና አንድ ኩንታል ጤፍ ከ12,000 ብር ወደ 12,600 ገባ። ጭማሪው 5 ከመቶ ነው። የባሩን መነሻ ከዜሮ ሳይሆን ከ11,900 ብትጀምሩት ግን የመጀመሪያው ባር ቁመት 100፣ የሁለተኛው 700 ይሆናል። ሰባት እጥፍ! ቁጥሩ አልተነካም፣ ከጎኑ በትክክል ተጽፏል፣ ዓይን ግን ያየው ሰባት እጥፍ ነው። ሶፍትዌሮች አንዳንዴ ይሄን በራሳቸው ነው የሚያደርጉት፣ ሠሪው ሳያዝዛቸው። መስመር ሲሆን ከዜሮ ባይጀምር ችግር የለውም፣ ምክንያቱም መስመር ላይ የምናየው ቁመት ሳይሆን አካሄድ ነው። ባር ግን ከዜሮ ነው፣ ድርድር የለውም።

አሁን ወደ መነካካቱ ልምጣ፣ ዋናው እሱ ስለሆነ።

በ1996 ቤን ሽናይደርማን የሚባሉ የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ መምህር ያስቀመጡት ቅደም ተከተል እስከዛሬ ይጠቀሳል። በመጀመሪያ አጠቃላዩ ይታይ፣ ከዚያ ሰውየው ያቅርብ፣ ያጣራ፣ ዝርዝሩ ደግሞ ሲጠየቅ ብቻ ይውጣ። ቀላል ይመስላል። ልጆቹ የሚሠሩት ግን ባዶ ስክሪን ሆኖ "ወረዳ ይምረጡ፣ ዓመት ይምረጡ፣ ሰብል ይምረጡ" የሚል ነገር ነው። ሰው ምንም ሳያይ ምን ይመርጣል? መጀመሪያ አንድ ነገር አሳዩት፣ ከዚያ እሱ ራሱ "የእኛስ ወረዳ?" ይላል።

ደግሞ ብዙው ሰው አይነካም። በ2016 የኒው ዮርክ ታይምስ የግራፊክስ አዘጋጅ አርቺ ትሴ ባደረገው ንግግር፣ አንባቢውን ስክሪኑን ወደ ታች ከማንሸራተት ሌላ ነገር አድርግ ካላችሁት በምላሹ በጣም የሚገርም ነገር ልትሰጡት ይገባል የሚል ሐሳብ አንስቶ ነበር። እነሱ ያንን ሁሉ ባለሙያና ያንን ሁሉ ገንዘብ ይዘው ነው እንዲህ የሚሉት። እኛ ጋ ደግሞ ሌላ ነገር ይጨመራል፣ ቴሌግራም። እዚህ ደስ ያለው ሰው ሊንኩን አይልክም፣ ስክሪንሹት አንስቶ ግሩፕ ላይ ይለቅቀዋል። ያኔ ፊልተሩም፣ ቁልፉም፣ የሚንሳፈፈው ጽሑፍም አብሮ ይሞታል። የቀረው ፎቶ ነው። ስለዚህ ተማሪዎቼን የምላቸው ይሄን ነው፦ ግራፍህን ስክሪንሹት አንሳውና ለእህትህ ላክላት። ምንም ሳትነካ ዋናው ነገር ከገባት ጥሩ፣ ካልገባት ቁልፍ መጨመሩን ተወውና ወደ ወረቀቱ ተመለስ። ርዕሱ ራሱ መልሱን ይናገር። "የጤፍ ዋጋ በገበያ" ከማለት "ጤፍ የሚወደደው ክረምት ላይ ነው" ማለት፣ ዳታው ያንን ካለ ማለቴ ነው።

ሌላው የማውዝ ነገር ነው። ልጆቹ የሚማሩት ላፕቶፕ ላይ ነው፣ ማውዙን ነጥቡ ላይ ሲያሳርፉት ቁጥሩ ብቅ ይላል፣ ደስ ይላቸዋል። የሚያየው ሰው ግን ስልክ ነው የያዘው። ስልክ ላይ "ማሳረፍ" የሚባል ነገር የለም፣ ወይ ነክተኸዋል ወይ አልነካኸውም። ነጥቧ ደግሞ ከጣት ጫፍ ካነሰች የጎረቤቷ ቁጥር ነው የሚወጣው። አስፈላጊ ቁጥር ካለ ግራፉ ላይ በግልጽ ይጻፍ፣ አይደበቅ። ካርታው በዘጠኝ ዓይነት ቀለም ከነምስሉ ብዙ ሜጋባይት ከሆነ ደግሞ ሳይከፈት ፓኬጅ ይጨርሳል፣ ማንም አይጠብቀውም።

ስለሚንቀሳቀስ ግራፍ ከተነሳ ሁሉም የሚጠቅሰው ሐንስ ሮስሊንግን ነው። በ2006 ቴድ በሚባለው የንግግር መድረክ ላይ አገሮችን በአረፋ አስመስለው፣ ዓመታቱ ሲያልፉ አረፋዎቹ ሲንሸራተቱ ያሳዩት ስዊድናዊ ሐኪም። እውነት ነው፣ ድንቅ ነበር። ግን ልብ በሉ፣ ሰውየው አጠገቡ ቆመው፣ እያመለከቱ፣ እንደ ኳስ ጨዋታ አስተላላፊ እየጮሁ ነው የሚያስረዱት። ሰውየውን አንሡና አረፋዎቹን ብቻ ተውት፣ የትኛውን ትከተላለህ? በ2008 ጆርጅ ሮበርትሰንና ባልደረቦቹ ይህንኑ ፈትነው ነበር። ለገለጻ ጊዜ እንቅስቃሴው ይፈጥናል፣ ያስደስታልም፣ ግን ብዙ ያሳስታል፤ ራሱ ዳታውን ለሚመረምር ሰው ግን ዓመታቱን ጎን ለጎን በትንንሽ ሥዕል ማስቀመጡ የተሻለ ሆኖ አገኙት። ስለዚህ የማጫወቻ ቁልፍ ከማድረግ በፊት አብሮት የሚናገር ሰው አለ ወይ ብሎ መጠየቅ ነው።

አሁን ደግሞ የትኛውም የውጭ ኮርስ የማይነግራችሁን ልንገራችሁ።

ሰሜን ሸዋ የሚባል ዞን ሁለት ነው። አንዱ የእኛ፣ ዋና ከተማው ደብረ ብርሃን። ሌላው ኦሮሚያ ክልል ያለው፣ ዋና ከተማው ፍቼ። የአገሪቱን ዳታ ከካርታው ጋር በዞን ስም ያገናኘ ልጅ ሁለቱን ደምሮ ወይ አንዱን በሌላው ላይ ጽፎ ቁጭ ይላል፣ ካርታው ደግሞ ያምራል፣ ማንም አይጠረጥርም። እኛ እዚህ የምንኖረው እንኳን ካልተነገረን አናየውም።

የወረዳ ስም ደግሞ አለላችሁ። አንድ ተማሪዬ የሠራው ካርታ ላይ አንጾኪያ ገምዛ ነጭ ሆኖ ቀረ። ዳታ የለም ብሎ ሊጽፍበት ነበር። ዳታውማ አለ። ካርታው ላይ በ"ጸ" ተጽፏል፣ ኤክሴሉ ላይ በ"ፀ"። ለኮምፒውተሩ ሁለት የተለያዩ ቦታዎች ናቸው። ሀገረ ማርያም በሀሌታው "ሀ" እና በሐመሩ "ሐ"፣ ሸዋ ሮቢት ተነጣጥሎና ተገጥሞ፣ ይሄ ሁሉ አንድ ፋይል ውስጥ ይገኛል። መፍትሔው በስም ሳይሆን በኮድ፣ ማለትም በወረዳው መለያ ቁጥር፣ ማገናኘት ነው። ግራፉ ላይ የመፈለጊያ ሳጥን ካለ ደግሞ ሰውየው በየትኛውም "ሀ"፣ በየትኛውም "ሰ" ቢጽፍ እንዲያገኝለት ማድረግ። ይህን ለማድረግ ጥቂት መስመር የፕሮግራም ጽሑፍ ነው የሚያስፈልገው። ካልተደረገ ግን አንባቢው የራሱን ወረዳ ጽፎ "አልተገኘም" ይባላል። የገዛ ወረዳውን!

ስሞቻችን ረጃጅም ናቸውም። ሲያደብርና ዋዩ፣ አንጎለላና ጠራ፣ መንዝ ቀያ ገብርኤል። ባሩን አቁማችሁ ስሙን ከሥር ስትጽፉት ሶፍትዌሩ ያጋድመዋል፣ አንባቢው አንገቱን ሰብሮ ያነባል። ባሩን ማጋደም ነው፣ ስሙ በግራ በኩል ቀጥ ብሎ ይነበባል። አለቀ።

ካርታ ራሱ ይሸውዳል። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ የዞናችን ሕዝብ 1,837,490 ነበር፣ ከተማ የሚኖረው 11.66 ከመቶ። ደብረ ብርሃን 65,231 ሰው ይዛ ካርታው ላይ ነጥብ ናት። ሰፊ ሆኖ ሕዝቡ የሳሳ የቆላ ወረዳ ግን ግማሽ ስክሪን ይይዛል። የታመመ ሰው ቁጥር፣ የተማሪ ቁጥር እንዲሁ በጥሬው ቀለም ከተቀባ ካርታው የሚያሳየን ሕዝብ የት እንደሚበዛ ብቻ ነው። ከ1,000 ሰው ስንቱ ተብሎ ይሰላ፣ ከዚያ ይቀባ።

አማካይም እንደዚያው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር አልፋ ተቀምጣለች። ጣርማ በርን አልፈህ፣ ደብረ ሲናን ወርደህ ሸዋ ሮቢት ስትደርስ 1,300 ሜትር አካባቢ ነህ፣ ጃኬትህን አውልቀህ በክንድህ ይዘሃል። የሁለቱ አማካይ ሙቀት ማንም የማይኖርበት አገር ሙቀት ነው። ወባን በዞን አማካይ ማሳየትም እንዲሁ። ስለዚህ እኔ ከሃያ ምናምን ወረዳ ዝርዝር ይልቅ ሦስት ቁልፍ ነው የማስደርጋቸው፦ ደጋ፣ ወይና ደጋ፣ ቆላ። ገበሬውም የጤና ባለሙያውም አገሩን የሚከፍለው እንደዚያ ነው።

የቀን መቁጠሪያው ነገር ግን ከሁሉም ይብሳል። ሶፍትዌሩ ከጃንዋሪ ይጀምራል። ጃንዋሪ ደግሞ የእኛ የመኸር አዝመራ ገና ተሰብስቦ ሳያልቅ፣ ውቂያ ላይ እያለ ዓመቱን ከመሃል ይቆርጠዋል። ዳታው የተመዘገበው በመጋቢት ከሆነ ልጁ "ማርች" ብሎ ይቀይረዋል። መጋቢት ግን የሚጀምረው ማርች 10 ላይ፣ የሚያልቀው ኤፕሪል 8 ላይ ነው። በልግ መቼ ገባ ለሚል ጥያቄ ይሄ ልዩነት ትንሽ አይደለም። ደግነቱ ጃቫስክሪፕት የሚባለው የድረ ገጽ ፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ የኢትዮጵያን አቆጣጠር ያውቃል፣ ቀኑን በእኛ ወር ጻፍልኝ ሲሉት ይጽፋል። የግራፉ መስመር ላይ ምልክቶቹን መስከረም 1፣ ጥቅምት 1 እያሉ ማስቀመጥ ግን የሠሪው ሥራ ነው፣ በጃቫስክሪፕት ግራፍ መሥሪያ የሆነው ዲ-ስሪም ቢሆን በራሱ አያደርገውም።

ጳጉሜስ? የወር ሽያጭ በባር ሲሠራ አሥራ ሦስተኛዋ ባር ድንክ ሆና ትወጣለች፣ ያየ ሁሉ ገበያው ወደቀ ይላል። አምስት ወይ ስድስት ቀን ናት እንጂ ምንም አልወደቀም። ወይ ሁሉንም በቀን አካፍሎ ማሳየት፣ ወይ ከነሐሴ ጋር ደምሮ መደመሩን ግራፉ ላይ መጻፍ ነው።

ቀለም ላይ አጭር ነገር። አረንጓዴ ጥሩ፣ ቀይ መጥፎ የሚለው ልማድ በየቢሮው ዳሽቦርድ ላይ አለ። ሁለቱን መለየት የሚቸግራቸው ሰዎች አሉ፣ በተለይ ወንዶች። ግራፉን በጥቁርና ነጭ አትሙት። ሁለቱ አንድ ዓይነት ግራጫ ከሆኑ ቀይሩት። እናንተም ጋዜጣችሁን በጥቁርና ነጭ ስለምታትሙ ይሄ ይመለከታችኋል።

"ታዲያ ከየት ልጀምር?" ለሚል ወጣት፣ ከኮድ አትጀምር ነው የምለው። ማይክ ቦስቶክ ከስታንፎርድ ባልደረቦቹ ጋር በ2011 ያወጣው ዲ-ስሪ ነፃ ነው፣ ፋይሉን በፍላሽ ይዞ ያለ ኢንተርኔት መሥራት ይቻላል፣ የፈለግከውን ሁሉ ያሠራሃል። ግን የምትፈልገውን ሳታውቅ ከገባህበት ወራት ይበላል። በኤክሴል ጀምር። አንድ ጥሩ ግራፍ ፈልገህ ቁጥሩን ከግራፉ ላይ አንብበህ መልሰህ ሥራው፣ ሠሪው ምን እንደተወ ያኔ ይታይሃል። ከዚያ የሠራኸውን ለጉዳዩ ባለቤት ስጠውና አፍህን ዝጋ። ገበያ ውስጥ እህል የሚሸጡ እናት ከሆኑ ለእሳቸው። "እዚህ ጋ ይንኩ እማዬ" ብለህ ካስረዳሃቸው ፈተናው ተበላሸ። ዝም ብለህ ጣታቸው የት እንደሚሄድ እይ። አንድ ልጅ ይሄን ሲያደርግ ሴትየዋ ቁልፎቹን ትተው የግራፉን ርዕስ ነበር ደጋግመው የነኩት፣ እዚያ ላይ የገበያው ስም ስለተጻፈ ይቀየራል ብለው። ልጁ ወዲያው ርዕሱን ቁልፍ አደረገው። ይሄን የትኛው ኮርስ ያስተምራል?

እንግዲህ ከእናንተ የምፈልገው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ግራፍ ስታወጡ ቁጥሩንም አውጡ። ድረ ገጻችሁ ላይ ከሥሩ ኤክሴሉን አያይዙት፣ የሠንጠረዡን ፎቶ ሳይሆን ራሱን ፋይሉን። ወጣቱ የሚለማመድበት የአገሩ ዳታ አጥቶ የአሜሪካ ቤት ዋጋ ላይ ነው የሚለማመደው። ሁለተኛ፣ በወር አንድ ጊዜ ትንሽ ቦታ ስጡን፣ ከአንባቢ የመጣ አንድ ግራፍ ይውጣበት፣ በሚቀጥለው ወር ሌላ አንባቢ አሻሽሎ ይሥራው። ሽልማት አያስፈልግም። ከተስማማችሁ የመጀመሪያውን የደብረ ብርሃን ገበያ የእህል ዋጋ እኔና ተማሪዎቼ እንልካለን፣ ወራቱ በእኛ አቆጣጠር፣ ወረዳዎቹ ከነኮዳቸው።

አክባሪያችሁ
አንድ አንባቢ፣ ከደብረ ብርሃን